በማያውቁት ሰው ቤት እያደሩ መጓዝ፦ ከምዝገባ እስከ ስንብት

የአውሮፕላን ትኬት አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ የመኝታ ሂሳብ ግን በየማታው ይመጣል። በትልልቅ የአውሮፓ ከተሞች ከሌሎች መንገደኞች ጋር ክፍል የምትጋሩበት የሆስቴል አልጋ እንኳ በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠራቀማችሁትን ያሟጥጠዋል። ይህን ወጪ በእጅጉ የሚቀንስ መንገድ አለ። መንገደኛን ያለ ምንም ክፍያ ቤታቸው የሚያሳድሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ፤ እነሱንና መንገደኛውን የሚያገናኙ መድረኮችም አሉ።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ ነውር እንደሆነ እየሰማን ነው ያደግነው። እዚህ ግን አሳዳሪው እንግዳውን የሚመርጠው ገና ሳይመጣ ነው፤ የሚመርጠውም በጻፈው ነገርና ሌሎች ስለ እሱ በሰጡት ምስክርነት ነው። ስለዚህ ከሥራው አብዛኛው ሻንጣ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ በገዛ ከተማችሁ የሚሠራ ነው። ይህን ክፍል ዘልለው በቀጥታ ጥያቄ መላክ የጀመሩ ሰዎች ናቸው «ማንም አይመልስም» ብለው የሚተዉት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ይህ ነፃ ሆቴል አይደለም። ተቀባያችሁ ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚፈልገው ጨዋታ፣ ትውውቅ፣ አብሮ መብላት ነው። እኩለ ሌሊት ገብታችሁ ጎህ ሲቀድ የምትወጡ ከሆነ፣ ወይም ማታ ማታ ከስልካችሁ ጋር ብቻችሁን መሆን የሚያስደስታችሁ ከሆነ፣ ሆስቴል ይሻላችኋል። ለእናንተም ለተቀባዩም።

1. መድረክ መምረጥ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሁሉም የቆየው ሰርቫስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1949 ዴንማርክ ውስጥ እንደ ሰላም እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ የተለያየ አገር ሰዎች በአንድ ገበታ ከተቀመጡ መጠላላት ይቀንሳል በሚል እምነት። ለመግባት ቃለ መጠይቅ አለው፤ ያለፈ ሰው የትውውቅ ደብዳቤ ይሰጠዋል፣ የተለመደው ቆይታ ሁለት ሌሊት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሰው አነጋግሮ ስለሚያስገባ ለጥንቁቅ ሰው የሚመች ነው።

በስም የታወቀው ካውችሰርፊንግ ነው። መሥራቹ ኬሲ ፌንተን ወደ አይስላንድ ርካሽ ትኬት አግኝቶ ማረፊያ ስላልነበረው፣ 1,500 ለሚሆኑ የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኢሜይል ላከ፤ «እኛ ጋ እደር» የሚል መልስ ከብዙዎች መጣለት። ከዚያ የተወለደው ድረ ገጽ በ2004 ሥራ ጀመረ፣ በ2011 ወደ ንግድ ድርጅትነት ተለወጠ፣ በ2020 ደግሞ አባላቱን ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። ብዙ የቆዩ አባላት በዚህ አዝነው ወጡ። በዚያው ዓመት በበጎ ፈቃደኞች የተቋቋመው ካውቸርስ ለትርፍ የማይሠራና ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ቢዌልካም (2007) እና ትረስትሩትስ (2014) እንዲሁ ነፃ ናቸው። ዋርምሻወርስ በብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ብቻ ነው። ሴቶች ሴቶችን ብቻ የሚቀበሉበት ሆስት ኤ ሲስተር ደግሞ በ2019 የተከፈተ የፌስቡክ ቡድን ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በውጭ ምንዛሪ በካርድ መክፈል ስለሚቸግረው በካውቸርስና በቢዌልካም ይጀምር። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ በነዚሁ ጀምራችሁ፣ ጉዞው በተቃረበበት ወር ብቻ የካውችሰርፊንግን የአንድ ወር ክፍያ ብትከፍሉ ይበቃል። በአምስት ቦታ መመዝገብ አይጠቅምም፤ ምስክርነታችሁ ይበታተናል።

ከእነዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ዓይነት አለ። ወርክአዌይና በ1971 እንግሊዝ የተጀመረው ዉፍ ሰውን የሚያሳድሩት በቀን ጥቂት ሰዓት በእርሻ ወይም በቤት ሥራ እንዲያግዝ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንደ አሜሪካና ብሪታንያ ያሉ አገሮች ይህን እንደ ሥራ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ እንዲህ ለማድረግ ያሰበ ሰው ከአየር ማረፊያ ሊመለስ ይችላል።

2. ከመጠየቃችሁ በፊት ተቀበሉ

አዲስ የተከፈተ ፕሮፋይል ባዶ ነው። ሊዝበን ያለች ሴት ከማታውቀው አገር ጥያቄ ሲመጣላት መጀመሪያ የምታየው ምስክርነት ነው፤ ማንም ስለ እናንተ ካልተናገረ በሯን የምትከፍትበት ምክንያት የላትም። ምስክርነት የሚገኘው ደግሞ ካላችሁበት ከተማ ነው።

ትርፍ ክፍል ያለው ሰው እንግዳ ይቀበል። አብዛኞቻችን ግን የለንም፤ ከቤተሰብ ጋር ወይም በአንዲት ኪራይ ክፍል ነው የምንኖረው። ችግር የለም። ብዙዎቹ መድረኮች «ማሳደር አልችልም፣ ግን ከተማ ላሳይ፣ ቡና አብሬ ልጠጣ እችላለሁ» የሚል ምርጫ አላቸው። አዲስ አበባ የአውሮፕላን መለወጫ ስለሆነች ለአንድ ቀን የምታልፍ፣ ከሆቴሏ ብቻዋን መውጣት የፈራች መንገደኛ አትጠፋም። መርካቶን አብሯት የሚዞር፣ የታክሲ ረዳት ምን እያለ እንደሚጣራ የሚነግራት፣ እንጦጦ ወጥቶ ከተማዋን የሚያሳያት፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ ጀበና ቡና የሚያጠጣት ሰው ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ድሬዳዋም ያለ ሰው እንዲሁ ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ፦ ከዚህ ሰው አንድ ሳንቲም አትቀበሉ፣ ኮሚሽን ወደምታገኙበት ሱቅ አትውሰዱት፣ «ወንድሜ አስጎብኚ ነው» አትበሉት። መንገደኛ ሲታለብ ወዲያው ያውቃል፤ የሚጽፈው አንድ መጥፎ መስመር ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው የአገራችሁ ልጅም ይተርፋል። ምሳ ላይ ግን ሂሳቡን መካፈል ወይም «ይህን እኔ ልክፈል» ሲል መፍቀድ ያለ ነው።

ስትለያዩ በግልጽ ጠይቁ፦ «ወደ ጉዞ ልወጣ ነው፣ ሁለት መስመር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።» ሦስት አራት እንዲህ ያለ ምስክርነት ካገኛችሁ ፕሮፋይላችሁ ሌላ ሰው ይሆናል።

እንግዳ የምታሳድሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለጥበቃው። ሳይነገራቸው የሚመጣ ፈረንጅ ለሰፈሩ ሁሉ መነጋገሪያ ነው፤ እንግዳውም ይሸማቀቃል።

3. ፕሮፋይል

ፊታችሁ በደንብ የሚታይባቸው፣ በጥቁር መነጽር ያልተሸፈነ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አድርጉ። የምርቃት ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ስትስቁ፣ ስታበስሉ፣ ከሰው ጋር ስትሆኑ የሚያሳይ ይጨመርበት። «ጉዞ እወዳለሁ፣ አዲስ ሰው መተዋወቅ እወዳለሁ» ሁሉም የሚጽፈው ስለሆነ ምንም አይናገርም። በምትኩ የምትሠሩትን፣ የምትጨቃጨቁበትን፣ ማስተማር የምትችሉትን ጻፉ፦ የእስክስታ ትከሻ፣ ፊደል፣ ሽሮ መሥራት፣ ከርቀት የአትሌት አሯሯጥ መለየት። መታወቂያን የሚያረጋግጥ አማራጭ ካለ ተጠቀሙበት።

4. ቪዛና ድንበር

ይህን ክፍል በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ ጸሐፊዎቻቸው ቪዛ የማይጠየቅበት ፓስፖርት ስላላቸው ነው። ለእኛ ግን ግማሹ ሥራ ይሄ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ጎረቤት ቢያደርግ እመክራለሁ። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም፤ ናይሮቢ ደግሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው የሚገኝባት ሰፊ ከተማ ናት። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች። በእነዚህ ከተሞች የምታገኙት ምስክርነት ነው በኋላ አውሮፓ ውስጥ በር የሚከፍተው። የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት አየር መንገዱን ወይም ኤምባሲውን ጠይቁ።

ለሸንገን ቪዛ (ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚሰጡት) ከጁን 2024 ጀምሮ አዋቂ ሰው 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ የማመልከቻው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ስለዚህ ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ማመልከቻው የት እንደምታድሩ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው «ተቀባዬ የግብዣ ደብዳቤ ይላክልኝ» ብሎ ነው። አታድርጉት። ጀርመን ውስጥ መደበኛው የግብዣ ሰነድ ጋባዡ የእንግዳውን ወጪ፣ ሕክምናን ጨምሮ፣ በሕግ እንዲሸከም የሚያስገድድ ግዴታ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ጋባዡ ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ ቤቱንና ገቢውን አሳይቶ፣ ከፍሎ ነው የሚያወጣው። ይህን ለአጎትና ለእህት መጠየቅ ይቻላል፤ አይቷችሁ ለማያውቅ ሰው ግን ከባድ ሸክም ነው። ጥያቄው ራሱም ያስፈራዋል፤ ቪዛ ለማግኘት የሚጠቀሙበት ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጽፉለት ወዲያው ይዘጋችኋል። ቪዛውን በራሳችሁ ገንዘብና ሰነድ ጠይቁ። «በነፃ ነው የማድረው» ብሎ የባንክ ሂሳብ አለማሳየት የእምቢታ ምክንያት ይሆናል፤ ለሁሉም ሌሊት መክፈል እንደምትችሉ ማሳየት አለባችሁ። ጉዞውንም ስታቅዱ ከፊሉን ሌሊት በሚከፈልበት ማረፊያ አድርጉት፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት። ከረጅም በረራ ደክሞ የገባ ሰው ጥሩ እንግዳ አይሆንም።

ድንበር ላይ «የት ታርፋለህ?» ሲባል እውነቱን ተናገሩ። በአካል አግኝታችሁት የማታውቁትን ሰው «ጓደኛዬ ነው» ብትሉ፣ መኮንኑ ስልክ ደውሎ ሊያጣራ ይችላል፤ ቃላችሁ ካልገጠመ ነገሩ ይበላሻል። የመጀመሪያውን ማረፊያ ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬትና አድራሻዎቹን በወረቀት ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

የአንዳንድ አገር ሕግ እንግዳ ማደሩ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ጣሊያን ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ያሳደረ በ48 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ እንዲህ ያለው እንግዳ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ተቀባዩ ላያውቀው ስለሚችል እናንተ አስቀድማችሁ አንሱለት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩና በአሠሪ ቤት የምታድሩ እህቶች ደግሞ፣ ቤቱ የእናንተ ስላልሆነ፣ ማንንም እዚያ አታሳድሩ፤ በእረፍት ቀናችሁ አደባባይ ላይ መንገደኛ ማግኘትና ምስክርነት ማጠራቀም ግን ትችላላችሁ።

5. ተቀባይ መምረጥ

እንደ ፓሪስና አምስተርዳም ባሉ ከተሞች አንድ ተቀባይ ላይ የሚዘንበው ጥያቄ ብዙ ነው። ባቡር የሚደርስባትን ትንሽ ጎረቤት ከተማ ምረጡ፤ እንግዳ ብርቅ በሆነበት ቦታ መልሱ ቶሎ ይመጣል፣ አቀባበሉም ይሞቃል። የቤቱን ርቀትም በካርታ እዩ። ከከተማ አንድ ሰዓት ወጥቶ ያለ ነፃ መኝታ በየቀኑ የባቡር ገንዘብ ካስወጣችሁ ቁጠባው የለም።

ፕሮፋይሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ሁሉንም። መኝታው ለብቻ ክፍል ነው፣ ሳሎን ያለ ሶፋ ነው፣ ወይስ ከባለቤቱ ጋር የጋራ ክፍል? «የጋራ አልጋ» የሚል ካለ ሌላ ፈልጉ። ቤት ውስጥ ውሻ አለ? እኛ ውሻ ግቢ ሲጠብቅ እንጂ ሶፋ ላይ ሲተኛ እያየን አላደግንም፤ የምትፈሩ ወይም በሃይማኖት ምክንያት የማትፈልጉ ከሆነ ይህን በር ላይ ሳይሆን እዚህ እወቁ። አንዳንዶች ቤታቸው ውስጥ ያለ ልብስ እንደሚሆኑም በግልጽ ይጽፋሉ። አንብቦ ማለፍ ነው።

ከዚያ ምስክርነቱን። ቁጥሩን ሳይሆን ማን እንደጻፈው ተመልከቱ። አንድ ወንድ ተቀባይ ያሉት ምስክርነቶች በሙሉ ከወጣት ሴቶች ከሆኑና ወንዶችን፣ ባልና ሚስትን ተቀብሎ የማያውቅ ከሆነ፣ ሴት አንባቢዬ ትዝለለው። «ጥሩ ሰው ነው፣ ትንሽ ቀረብ ማለት ይወዳል» የሚል ለስላሳ ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ይነበብ፤ ሰው በእግዚአብሔር ስም አሳድሮኛል ብሎ ክፉ ለመጻፍ ያፍራል፣ ስለዚህ ቅሬታው በጨዋ ቃል ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። አንድ መጥፎ ምስክርነት ካለ ደግሞ የተቀባዩን መልስ አንብቡ፤ ከተሳደበ ማንነቱን ነገራችሁ።

6. ጥያቄውን መጻፍ

ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ላኩ። ከሁለት ወር በፊት የተላከለት ሰው ፕሮግራሙን አያውቅም፤ የዛሬ ማታ የተጠየቀ ደግሞ ይጨነቃል። አንዱን ጽሑፍ ለሃያ ሰው መገልበጥ ዋጋ የለውም፤ አንዳንድ ተቀባዮች የተገለበጠውን ለመለየት ብለው ፕሮፋይላቸው መሃል «ስትጽፉልኝ ይህን ቃል ጨምሩ» ብለው ይደብቃሉ። ለአራት አምስት ሰው በየስማቸው፣ በየፕሮፋይላቸው ጻፉ።

ከእኛ ወገን የሚሄድ ጥያቄ ላይ ተቀባዩ የማይናገረው ግን የሚያስበው ነገር አለ፦ «ይህ ሰው ይመለሳል? ቪዛ ሊጠይቀኝ ነው? ሳምንት እደር ብዬ ወር ቢቀመጥስ?» ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል። መልሱ ግን በጽሑፉ ውስጥ ካለ ጥርጣሬው ይጠፋል፤ ምንም ብትጽፉ ስማችሁን አይቶ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ቤቱ ልትገቡ የሚገባው ሰው አልነበረም። ከዚህ በታች ያለውን በምትግባቡበት ቋንቋ ጻፉት፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በራስዎ እርሾ ዳቦ እንደሚጋግሩ ፕሮፋይልዎ ላይ አነበብኩ። እኛም ቤት የእንጀራ እርሾ ከአንዱ ሊጥ ለሚቀጥለው እየተቀነሰ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ብዙ የምንጫወተው ይኖረናል። ሐሙስ ኦክቶበር 15 በ16፡00 ከተማ እገባለሁ፤ ቅዳሜ ኦክቶበር 17 ጠዋት ወደ ቪየና በባቡር እወጣለሁ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሁለት ሌሊት ቢያሳድሩኝ ደስ ይለኛል። ቪዛዬ በእጄ ነው፤ ወደ አገሬ የምመለሰው ኦክቶበር 24 ነው። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም፤ የራሴን ማብሰል እችላለሁ። ካልተመቸዎት ቅር አይለኝም፤ ቡና አብረን ብንጠጣም ይበቃኛል።»

ከዚህ ውስጥ የትኛውም አይጉደል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እሱን እንደመረጣችሁ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ ቀጥሎ የት እንደምትሄዱ፣ የምግብ ነገር፣ እምቢ ለማለት የሚያስችል ክፍት በር። ቀኑ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሁን። «በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ» ብንል፣ እኛ ማታ 21፡00 ማለታችን ሲሆን እነሱ ከሰዓት 15፡00 ብለው ጣቢያ ቆመው ይጠብቃሉ።

ከሁለት ሌሊት በላይ አትጠይቁ። ከተግባባችሁ እነሱ ራሳቸው «ቆዩ» ይላሉ።

7. ደኅንነት

አብዛኛው ተቀባይ ደግ ሰው ነው። ሆኖም በጣሊያኗ ፓዶቫ አንድ የካራቢኒየሪ ፖሊስ ባልደረባ፣ በዚህ ዓይነት መድረክ ተዋውቃው ቤቱ ያረፈችን አውስትራሊያዊት ታዳጊ በመጠጥ ውስጥ ማደንዘዣ ሰጥቶ በመድፈሩ በ2015 ተፈርዶበታል። ፕሮፋይሉ ላይ ጥሩ ጥሩ ምስክርነት ነበረው። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ምስክርነት ብቻውን እንደማይበቃ እንድታውቁ ነው።

ከመድረኩ የመልእክት ሳጥን ወደ ዋትስአፕ ቶሎ አትውጡ፤ በኋላ ችግር ቢመጣ ማስረጃው እዚያ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ በቪዲዮ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ካፌ ወይም ባቡር ጣቢያ ተገናኙ፣ ልባችሁ ካልተረጋጋ ወደ ቤት አትሂዱ። የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የፕሮፋይል ማያያዣ ለአንድ የምታምኑት ሰው ላኩ፤ በየማታው የምትጽፉለት ሰዓትም ይኑር። መጠጥ ከታሸገበት ስትከፍቱት እዩ። ፓስፖርታችሁን ለማንም «ለማስቀመጥ» አትስጡ። ሴት ብቻዋን የምትጓዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች በሴቶችና በቤተሰብ ቤት ብታደርግ እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በማንኛውም ምሽት ተነሥታችሁ ሆስቴል መግባት የሚያስችላችሁ ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ የሌለው ሰው በዚህ መንገድ መጓዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ። መውጫ ሲጠፋ ነው ሰው ደስ የማይለውን ነገር ችሎ የሚያድረው። መውጣት ስትፈልጉ ምክንያት መደርደር አይጠበቅባችሁም፤ «አመሰግናለሁ፣ እሄዳለሁ» በቂ ነው። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

8. እቤት ስትገቡ

ይሉኝታችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን ግን ምግብ ላይ ነው። እኛ «በልተሃል?» ስንባል «ጠግቤያለሁ» እንላለን፤ አስተናጋጁም ያንን ቃል አያምንም፣ «በሞቴ» ብሎ ያጎርሰናል። ጀርመን ወይም ሆላንድ ውስጥ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ካላችሁ ሳህኑ ይነሣል፤ ጦማችሁን ታድራላችሁ። ክፋት አይደለም፤ ቃላችሁን ማክበራቸው ነው። ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» በሉ። በተቃራኒው እናንተም ስታበስሉላቸው «ብሉልኝ» እያላችሁ አትጫኗቸው።

በገባችሁበት ሰዓት ጥቂት ነገር ጠይቁ፦ ጫማ ይወልቃል? ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ማን መቼ ይጠቀማል? ቆሻሻው እንዴት ነው የሚለየው? ከስንት ሰዓት በኋላ ዝም ይባላል? (ጀርመን ውስጥ ከ22፡00 በኋላ ጎረቤት በድምፅ ይቆጣል።) የምትሰግዱ ከሆነ ቦታና የቂብላ አቅጣጫ ጠይቁ፤ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ቁልፍ ከተሰጣችሁ እንደ ፓስፖርታችሁ ያዙት፤ በአንዳንድ ሕንፃ አንድ ቁልፍ ሲጠፋ የብዙ በር መቆለፊያ ነው የሚለወጠው።

ስጦታ ውድ መሆን የለበትም። የተፈጨ ቡና፣ ትንሽ ፌስታል ቆሎ፣ በርበሬ ከሽሮ ጋር በቂ ነው። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ይወረሳል። ጥሬ ቡና እዚያው ቆልታችሁ ማፍላት ካማራችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ደረጃ ላይ ይወጣል። ከሰል ደግሞ በዝግ አፓርታማ ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ ጢሱ ሰው ይገድላል። የተቆላ ቡና፣ ጀበና ወይም ድስት፣ ሦስት ዙር፣ ፈንዲሻ። ያ ምሽት ተቀባዩ ለዓመታት የሚያወራው ነው።

አንድ ማታ እናንተ አብስሉ፤ የአስቤዛውን ዋጋ ራሳችሁ ክፈሉ። ምስር ወጥ ከየትኛውም አገር ሱፐርማርኬት በሚገኝ ምስርና ሽንኩርት ይሠራል፤ በርበሬው ብቻ ከሻንጣ ይወጣል። ወጥ ቤቱን ካገኛችሁት የበለጠ ንጹሕ አድርጋችሁ መልሱት። ተቀባዩ ሥራ ሲሄድ አብራችሁ ውጡ፤ ብቻችሁን ቤቱ ውስጥ መቅረት እሱ ራሱ «ቆዩ» ካላለ አይጠየቅም። ሌላ ሰው ይዞ መምጣት፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ አይታሰብም።

9. ስንብትና ምስክርነት

ከመውጣታችሁ በፊት አንሶላውን አጥፉ፣ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ፣ ገንዘብ ትራስ ሥር አትተዉ። ለብዙዎች ይህ ስድብ ነው።

ምስክርነቱን በሦስት አራት ቀን ውስጥ ጻፉ። በካውችሰርፊንግ ሁለታችሁም እስክትጽፉ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው አያየውም፤ ስለዚህ «ይበቀለኛል» ብላችሁ ሳትፈሩ እውነቱን መጻፍ ትችላላችሁ። ቀጣዩን መንገደኛ የሚጠቅም ነገር ይኑርበት፦ መኝታው ምን እንደሚመስል፣ ከጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን እንዳወራችሁ። አንድ ነገር ካስፈራችሁ ለመድረኩ አስተዳዳሪዎች ሪፖርት አድርጉ፤ ወንጀል ከሆነ ለፖሊስም። ዝም ብላችሁ ብትመጡ ከእናንተ በኋላ የምትመጣዋ ልጅ ያንኑ ፕሮፋይል አይታ ትገባለች።

አገር ስትገቡ ወዲያው ፕሮፋይላችሁ ላይ ያለውን ሁኔታ ከ«እየተጓዝኩ ነው» ወደ «መቀበል እችላለሁ» ወይም «ከተማ ላሳይ እችላለሁ» መልሱት። ክፍል ካላችሁ የመጀመሪያውን እንግዳ ለሁለት ሌሊት ብቻ ተቀበሉ፤ ውኃ የሚመጣበትን ቀን፣ መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንዳለ፣ ማታ በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ከመምጣቱ በፊት ጻፉለት።